ሴፕቲክ ታንክና የጉድጓድ ውኃ፦ የናይትሬትን ተጽዕኖ ደረጃ በደረጃ መገምገም

የጋራ የውኃና የፍሳሽ መስመር ባልደረሰበት ገጠር ቤተሰቡ የሚጠጣውን ከመሬት ያወጣል፣ የተጠቀመበትን ደግሞ እዚያው መሬት ውስጥ ያሰርጋል። በመካከል ያለው አፈር ብዙ ነገር ያጣራል፤ ናይትሬትን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ያሉበትን በውኃ የሚሟሟ ውሁድ፣ ግን አይዝም። ይህ መመሪያ በአንድ መንደር ወይም በጥቂት ቤቶች ዙሪያ ያሉ ሴፕቲክ ታንኮች (የቤት ፍሳሽ የሚጠራቀምባቸው የተቀበሩ ጋኖች) የከርሰ ምድር ውኃውን ምን ያህል እንደነኩት ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ለውኃ ባለሙያ፣ ለጤና ሠራተኛ፣ ወይም የራሱ ጉድጓድ ላሳሰበው ባለቤት።

ወደ ሥራው ከመግባት በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ብክለት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የተሰነጠቀ ታንክ ወይም ሞልቶ የሚፈስ የፍሳሽ ጉድጓድ ነው። የናይትሬት ጉዳይ ግን እንዲህ አይደለም። በትክክል የተሠራና ያለ ምንም ችግር የሚሠራ ሴፕቲክም ናይትሬት ወደ መሬት ይለቃል። ስለዚህ «ታንኩ ተበላሽቷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሩቅ አያደርስም። መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ምን ያህል ናይትሮጅን ይገባል? በየት አቅጣጫ ይሄዳል? ምን ያህል ንጹህ ውኃስ ያቀጥነዋል?

ናይትሬቱ እንዴት እንደሚፈጠር

ፍሳሹ ታንኩ ውስጥ ሲቆይ ከባዱ ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ መካከል ላይ ያለው ፈሳሽ ወደ ማስረጊያው፣ ማለትም ወደ አፈር ወደሚሰርግበት ቦይ ወይም ጉድጓድ፣ ይወጣል። ታንኩ ከናይትሮጅኑ የሚያስቀረው ከዝቃጩ ጋር የሚቀረውን ጥቂት ድርሻ ነው። የሚወጣው ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ40 እስከ 100 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ይይዛል፤ ይህም በብዛት አሞኒየም የተባለው የናይትሮጅን መልክ እንጂ ናይትሬት አይደለም። ታንኩ ውስጥ አየር ስለሌለ ናይትሬት እዚያ አይፈጠርም። ስለዚህ ከታንኩ ናሙና ቀድቶ «ናይትሬት አልተገኘበትም» ማለት ምንም አያረጋግጥም።

ለውጡ የሚመጣው ከማስረጊያው ቦይ ወይም ጉድጓድ በታች፣ አየር ባለበትና ውኃ ባልሞላው አፈር ውስጥ ነው። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒየሙን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አሞኒየም ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ሸክላማ አፈር ይዞ ያቆየዋል። ናይትሬት ግን ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው ነውና አፈሩ አያስቀረውም፤ ከውኃው ጋር እኩል ይጓዛል። ከዚህ የተነሳ አፈሩ አየር ባገኘና ማስረጊያው በደንብ በሠራ መጠን ፍሳሹ ከጀርም ይጸዳል፣ ናይትሬቱ ግን ይበዛል።

ናይትሬትን በተፈጥሮ የሚያጠፋው ዋናው መንገድ ዲናይትሪፊኬሽን ነው። ኦክስጅን ባለቀበትና ለባክቴሪያዎች ምግብ የሚሆን ካርቦን ባለበት፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ፓይራይት የተባለው ማዕድን ባለበት መሬት ውስጥ ናይትሬቱ ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለወጣል። ረግረጋማ የወንዝ ዳርና ጥቁር፣ እርጥብ አፈር ለዚህ ይመቻሉ። አሸዋና ጠጠር ወይም የተሰነጣጠቀ አለት ላይ ግን እምብዛም አይጠበቅም።

በብዙ አገሮች በጉድጓድና በማስረጊያ መካከል እንዲኖር የሚደነገገው ርቀት በዋናነት ጀርምን ታሳቢ ያደረገ ነው። ጀርም በጉዞ ላይ ይሞታል ወይም ይጣራል፤ ናይትሬት ግን አይሞትም። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ ጥናት በካናዳ ኦንታርዮ፣ አሸዋማ መሬት ላይ ከአንድ ቤት ሴፕቲክ የወጣ ብክለት ከ130 ሜትር በላይ ርቆ ተገኝቷል፤ ጎኑ ግን ወደ 10 ሜትር ብቻ ነበር። ይህ ረጅምና ቀጭን ቅርጽ በኋላ ናሙና ስንወስድ ያስፈልገናልና ይያዝልኝ።

ደረጃ 1፦ የቁጥሩን አሃድ ይለዩ

በዚህ ሥራ በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከአነባበብ የሚመጣ ነው። ናይትሬት በሁለት መንገድ ይጻፋል፦ አንዱ «እንደ ናይትሬት»፣ ሌላው «እንደ ናይትሮጅን»። ሁለቱም ሚሊ ግራም በሊትር ስለሚባሉ ይምታታሉ። እንደ ናይትሮጅን የተጻፈውን በ4.43 ሲያባዙት እንደ ናይትሬት የተጻፈውን ያገኛሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መመሪያ እንደ ናይትሬት 50 ሚሊ ግራም በሊትር ነው፤ ይህም እንደ ናይትሮጅን 11.3 ይሆናል። በአሜሪካ ያለው ወሰን እንደ ናይትሮጅን 10 ነው። እንግዲህ የምርመራ ወረቀቱ ላይ «12» ብቻ ቢጻፍ ምን ማለት ነው? እንደ ናይትሬት ከሆነ ከወሰኑ ሩብ ገደማ ነው። እንደ ናይትሮጅን ከሆነ ደግሞ 53 ሆኖ ወሰኑን አልፏል። አሃዱ በግልጽ ካልተጻፈ ላቦራቶሪውን ሳይጠይቁ ቁጥሩን ወደ ሠንጠረዥ አያስገቡ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በሙሉ፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ ናይትሮጅን ናቸው።

ወሰኑ የተቀመጠው በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት ሲባል ነው። ናይትሬት በሰውነት ውስጥ ወደ ናይትራይት ሲለወጥ የደም ሂሞግሎቢን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ከ6 ወር በታች ያሉ፣ በጉድጓድ ውኃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት የሚጠጡ ሕፃናት ከሁሉ የበለጠ ይጎዳሉ፤ ከንፈራቸውና ጥፍራቸው ወደ ሰማያዊ ይጠቁራል። ሐኪሙ ሃንተር ኮምሊ ይህን ከጉድጓድ ውኃ ጋር አያይዞ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1945 ነበር። በግምገማው መሐል ከወሰን ያለፈ ጉድጓድ ካገኙና በቤቱ ሕፃን ካለ፣ ሪፖርቱ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ለቤተሰቡ ይንገሩ። ውኃውን ማፍላት እንደማይጠቅም አብረው ይንገሯቸው። ሲፈላ ውኃው ይተናል፣ ናይትሬቱ ይቀራል፤ መጠኑ እንዲያውም ይጨምራል። ክሎሪን መጨመርም ናይትሬትን አያስወግድም።

ደረጃ 2፦ ቦታውን በእግር ይዙሩ

ካርታ ይዘው እያንዳንዱን ቤት፣ ጉድጓድ፣ ታንክና ማስረጊያ በጂፒኤስ ይመዝግቡ። ባለቤቶቹን ይጠይቁ፦ ታንኩ መቼ ተሠራ? ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተመጠጠ? ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል፣ ዓመቱን ሙሉ ነው ወይስ በወቅት? ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው፣ የብረት ወይም የፕላስቲክ ቱቦው እስከየት ይወርዳል፣ አፉስ በሲሚንቶ ታሽጓል? ታንክ ሳይኖር በቀጥታ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ የሚገባ መጸዳጃ ካለም ይቆጠር፤ የናይትሮጅን ምንጭነቱ ያው ነው።

ማስረጊያው የት እንደሆነ ባለቤቱ ራሱ የማያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው። በደረቅ ወቅት ሣሩን ይመልከቱ፤ ዙሪያው ቢጫ ሆኖ ሳለ በቀጥታ መስመር የለመለመ ሣር ካለ ቦዩ ከሥሩ ነው።

ሌሎቹን የናይትሬት ምንጮች በዚሁ ዙር ካልመዘገቧቸው በኋላ ያሳስታሉ። የከብት በረት፣ የፍግ ክምር፣ የዶሮ እርባታ፣ ማዳበሪያ የሚጨመርበት ማሳ፣ የአትክልት ቦታ፣ የድሮ መጸዳጃ ጉድጓድ ሁሉ ይጻፍ። የቆየ በረት ከብቱ ከወጣ በኋላም ለዓመታት ናይትሬት ይለቃል። በኔ እምነት ለዚህ ዙር የሚሰጠው ጊዜ ከላቦራቶሪ ከሚገኘው መረጃ እኩል ዋጋ አለው፤ ጎረቤት ያለውን በረት ያልመዘገበ ሰው በመጨረሻ ሁሉንም ነገር በሴፕቲኩ ላይ ያላክካል።

ደረጃ 3፦ የናይትሮጅኑን ጭነት ያስሉ

ይህ ስሌት በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራ ነው። ሆኖም ችግሩ ሊኖር ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ናሙና ሳይወሰድ ያመለክታል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከሴፕቲኩ የሚገባውን ናይትሮጅንና በዝናብ ሰርጎ የሚገባውን ደምረው ለጠቅላላው ውኃ ማካፈል።

ከአንድ ሰው በዓመት ወደ ማስረጊያው የሚደርሰው ናይትሮጅን በግምት 4 ኪሎ ግራም ነው። አራት ሰው ያለበትን ቤት እንውሰድ፤ 16 ኪሎ ይሆናል። እያንዳንዱ ሰው በቀን 200 ሊትር የሚጠቀም ከሆነ ፍሳሹ በዓመት 292 ሜትር ኪዩብ ነው። ከናይትሮጅኑ 20 በመቶ በአፈር ውስጥ ይጠፋል ብለን ብንገምት 12.8 ኪሎ ይቀራል። የቤቱ ይዞታ 1 ሄክታር፣ በዓመት ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው ዝናብ 150 ሚሊ ሜትር ቢሆን 1,500 ሜትር ኪዩብ ውኃ ይገኛል። ያ ውኃ ከራሱ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ቢይዝ 1.5 ኪሎ ይጨመራል። በድምሩ 14.3 ኪሎ ለ1,792 ሜትር ኪዩብ ሲካፈል በሊትር 8.0 ሚሊ ግራም ይሆናል። ከወሰን በታች ነው፣ ግን ብዙ አልራቀም።

አሁን ይዞታውን ወደ ግማሽ ሄክታር ያውርዱት። ሰርጎ የሚገባው ውኃ 750 ሜትር ኪዩብ፣ የእሱ ናይትሮጅን 0.75 ኪሎ ይሆናል፤ ከቤቱ የሚወጣው ግን አልቀነሰም። 13.55 ኪሎ ለ1,042 ሜትር ኪዩብ ሲካፈል 13.0 ይመጣል፤ እንደ ናይትሬት ወደ 58 ማለት ነው። አንድም ታንክ ሳይሰነጠቅ፣ ቤቶቹ ስለተቀራረቡ ብቻ ወሰኑ ታለፈ። ይዞታው ሳይቀንስ የሚሰርገው ዝናብ በግማሽ ቢያንስም ውጤቱ ያው 13.0 ነው፤ ስለዚህ ዝናብ አጠር አካባቢ ቤቶች የበለጠ መራራቅ ይኖርባቸዋል። ውኃ ቆጣቢ መሆንም በዚህ ስሌት እምብዛም አይረዳም፤ ፍሳሹ ይወፍራል እንጂ ናይትሮጅኑ አይቀንስም።

ስሌቱ የሚሰጠው የአካባቢውን አማካይ እንጂ የአንድን ጉድጓድ ውጤት አይደለም። ከማስረጊያው ሥር ያለው ውኃ ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊበልጥ፣ ከጅረቱ፣ ማለትም ከማስረጊያው ተነስቶ ከመሬት በታች ከሚጓዘው የተበከለ ውኃ፣ ውጭ ያለው ደግሞ ምንም ላይነካ ይችላል። በእርግጠኝነት የማያውቋቸውን ሁለት ቁጥሮች፣ የዝናቡን ስርገትና የሚጠፋውን ናይትሮጅን፣ ዝቅና ከፍ እያደረጉ ደጋግመው ያስሉ። በመጥፎው ግምት እንኳ ውጤቱ ከ3 ወይም ከ4 ካላለፈ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ጥናት አያስፈልግም፤ ጥቂት ጉድጓዶችን መርምሮ ማረጋገጥ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ይወቁ

የከርሰ ምድር ውኃ ብዙውን ጊዜ እንደ መሬቱ ቁልቁለት ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሸለቆ ያዘነብላል። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ስለዚህ ይለኩ። በቀጥታ መስመር ላይ ያልተሰለፉ ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ። ፓምፖቹ ለጥቂት ሰዓታት ጠፍተው ውኃው ወደ ቦታው ይመለስ፤ የሚሠራ ፓምፕ ዙሪያውን ያለውን ውኃ ወደ ራሱ ስለሚስብ አቅጣጫውን ያዛባል።

ኤሌክትሪክ መለኪያ ከሌለ የብረት ሜትርና ጠመኔ ይበቃሉ። የሜትሩን የታችኛውን አንድ ሁለት ሜትር በጠመኔ ቀብተው ቀስ ብለው ያውርዱ። ጫፉ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሜትሩን በጉድጓዱ አፍ ላይ በሙሉ ቁጥር፣ ለምሳሌ በ15 ሜትር ላይ ይያዙትና ያውጡት። ጠመኔው የረጠበበት ቦታ ጠቁሮ ይታያል። የረጠበው 0.62 ሜትር ከሆነ ውኃው ከአፉ 14.38 ሜትር ይርቃል። ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ ልዩነቱ ከአንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ እንደገና ይድገሙ። የእያንዳንዱን ጉድጓድ አፍ ከፍታ በሌቭል መሣሪያ ይለኩ፤ የስልክ ጂፒኤስ ከፍታን በሜትሮች ስለሚስት ለዚህ አይሆንም። ከአፉ ከፍታ ላይ የውኃውን ጥልቀት ሲቀንሱ የውኃው ወለል ከፍታ ይገኛል።

የሦስቱ ጉድጓዶች የውኃ ወለል ሀ 98.60፣ ለ 98.20፣ ሐ 97.80 ሜትር ሆነ እንበል። ከሀ እስከ ሐ መስመር ይሳሉ፤ 98.20 የሚሆነው ነጥብ እኩሌታው ላይ ነው። ያንን ነጥብ ከለ ጋር ያገናኙት፤ ይህ እኩል ከፍታ ያለው መስመር ነው። ውኃው የሚሄደው ይህን መስመር በ90 ዲግሪ ማዕዘን አቋርጦ ወደ ሐ አቅጣጫ ነው።

ፍጥነቱን ለማወቅ የአፈሩን ውኃ አስተላላፊነት በቁልቁለቱ ያባዙና ለአፈሩ ክፍተት ያካፍሉ። ለመካከለኛ አሸዋ አስተላላፊነቱ በቀን 10 ሜትር፣ ቁልቁለቱ በ80 ሜትር ውስጥ 0.40 ሜትር ማለትም 0.005፣ ክፍተቱ 0.25 ቢሆን በቀን 0.2 ሜትር፣ በዓመት 73 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሸክላ ላይ ይህ በሺዎች እጥፍ ይቀንሳል። በተሰነጣጠቀ አለትና በኖራ ድንጋይ ላይ ግን ውኃው ስንጥቁን ተከትሎ በጣም በፍጥነት ሊጓዝ ስለሚችል ስሌቱን ብዙ አይመኑት።

ደረጃ 5፦ የሚመረመሩትን ጉድጓዶች ይምረጡ

ከሴፕቲኮቹ በላይ፣ ውኃው ከሚመጣበት በኩል ያለ ቢያንስ አንድ ጉድጓድ የግድ ነው። ማነጻጸሪያው እሱ ነው፤ ሁለት ቢሆኑ ደግሞ ይመረጣል። ማነጻጸሪያ የሌለው ጥናት ናይትሬት መኖሩን ይናገራል እንጂ ከየት እንደመጣ ሊናገር አይችልም።

ከዚያ ከማስረጊያዎቹ በታች፣ በውኃው መንገድ ላይ ያሉትን በቅርብና በሩቅ ይምረጡ። ጅረቱ 10 ሜትር ብቻ ጎን ሊኖረው እንደሚችል አይተናል፤ ነፋስ በሌለበት ከጭስ ማውጫ እንደሚወጣ ጭስ ነው፣ ሳይበተን ይሄዳል። 15 ሜትር ወደ ጎን ያለ ጉድጓድ ንጹህ መሆኑ «ተጽዕኖ የለም» ማለት አይደለም። በጥልቀትም እንዲሁ ነው። ከላይ የሚሰርገው ዝናብ ጅረቱን በጉዞው እየጫነ ወደ ታች ስለሚገፋው፣ ከማስረጊያው ርቆ ያለ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ንጹህ ውኃ ሲሰጥ ከሥሩ የተበከለው ያልፋል። አቅም ከፈቀደ በውኃው መንገድ ላይ ጠባብ የመመርመሪያ ጉድጓዶችን በተለያየ ጥልቀት ማስቆፈር ነገሩን ይቆርጠዋል።

አንድ ጊዜ ብቻ መመርመርም አይበቃም። ከከባድ ዝናብ በኋላ ናይትሬቱ ታጥቦ ሊገባ ወይም በብዙ ውኃ ሊቀጥን ይችላል። ቢያንስ ለአንድ ዓመት በየሦስት ወሩ ይመርምሩ፤ ይህ ካልተቻለ ውኃው ከፍ ባለበትና ዝቅ ባለበት ወቅት ሁለት ጊዜ።

ደረጃ 6፦ ናሙናውን በሥርዓት ይውሰዱ

ናሙናው ከማጣሪያና ከማለስለሻ በፊት ካለ ቧንቧ፣ ከተቻለም ከማጠራቀሚያ ታንከር በፊት ይወሰድ። ቤት ውስጥ ካለ ማጣሪያ የተቀዳ ውኃ ስለ ከርሰ ምድሩ ምንም አይነግርም። ከቧንቧው ጫፍ ላይ ወንፊት ካለ ይፈቱት፤ ጎማ ካለም ያውጡት።

ቱቦው ውስጥ የቆመውን ውኃ ያስወግዱ። የጉድጓዱ ስፋት 15 ሴንቲ ሜትር፣ በውስጡ ያለው ውኃ 20 ሜትር ከሆነ የቆመው 350 ሊትር ያህል ነው፤ የተለመደው ሦስት እጥፍ ማስወጣት ነው። ውኃው እየወጣ ሙቀቱን፣ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን)፣ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙንና የሟሟ ኦክስጅኑን በየጥቂት ደቂቃው ይለኩ። ተከታታይ ንባቦች መለዋወጥ ሲያቆሙ ያኔ ይቅዱ። ሰፊ፣ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን እንዲህ ማጠብ አይቻልም፤ በየቀኑ ውኃ የሚቀዳበት ከሆነ ከወለሉ ዝቅ ብሎ መቅዳትና ሁኔታውን መመዝገብ ነው።

ለናይትሬት ንጹህ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። በሚቀዳው ውኃ ሦስት ጊዜ ያለቅልቁት፣ ይሙሉት፣ ይክደኑት፣ ወዲያውኑ በረዶ ባለበት ሳጥን ውስጥ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጨለማ ውስጥ ያኑሩት። ምንም ካልተጨመረበት በ48 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። በሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች ከተደረገ 28 ቀን ይቆያል፤ ያኔ ግን የሚገኘው የናይትሬትና የናይትራይት ድምር ነው። የባክቴሪያው ናሙና የራሱ ጠርሙስ አለው፦ ከጀርም የጸዳ፣ ፈጽሞ የማይለቀለቅ፣ አፉ በእጅ የማይነካ።

ለየአሥሩ ናሙና አንድ ድግግሞሽና አንድ ባዶ ናሙና፣ ማለትም በመስኩ ላይ የተሞላ የተጣራ ውኃ፣ ያክሉ። ላቦራቶሪው የትኛው የትኛው እንደሆነ ባያውቅ ይሻላል። ጠርሙሱ ላይ የጉድጓዱን መለያ፣ ቀኑንና ሰዓቱን በማይጠፋ ቀለም ይጻፉ፤ ክዳኑ ላይ ብቻ አይጻፉ፣ ክዳን ይቀያየራል። በወረቀት የሚነበቡት ፈጣን መመርመሪያዎች ብዙ ጉድጓዶችን ቶሎ ለመለየት ይጠቅማሉ፤ ለውሳኔ ግን የላቦራቶሪ ውጤት ያስፈልጋል።

ደረጃ 7፦ ከናይትሬት ጋር ምን ይመርመር?

ናይትሬትን ብቻ መርምሮ ምንጩን መለየት አይቻልም። ናይትራይትና አሞኒየም፣ ክሎራይድ፣ ሶዲየም፣ ቦሮን፣ ብረትና ማንጋኒዝ፣ የሟሟ ኦክስጅን እንዲሁም ኢ. ኮላይ የተባለው ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ አብረው ይመርመሩ። ክሎራይድ ከሁሉ ይበልጣል። ከምግብ ጨው ጋር ወደ ፍሳሹ ይገባል፣ አፈር አይይዘውም፣ ባክቴሪያም አይበላውም፤ ስለዚህ ፍሳሹ ምን ያህል እንደቀጠነ ይመሰክራል። ቦሮን በአንዳንድ የልብስ ሳሙናዎች በኩል ይመጣል። ገንዘቡ ካለ አሴሰልፌምና ሱክራሎስ የተባሉትን ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎች ያስመርምሩ። ከብት አይጠጣቸውም፣ ማዳበሪያ ውስጥም የሉም፤ ከተገኙ የሰው ፍሳሽ መድረሱ ያለ ጥርጥር ነው።

ናይትሮጅን-15 የተባለው አይሶቶፕ (ከተራው ትንሽ የሚከብድ ናይትሮጅን) ደግሞ ማዳበሪያን ከፍሳሽ ለመለየት ይረዳል። መጠኑ በአየር ካለው ናይትሮጅን ጋር ሲነጻጸር ከማዳበሪያ የመጣ ናይትሬት አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ አካባቢ፣ ከአፈር የመጣው ከ3 እስከ 8 በሺህ፣ ከፍግና ከሰው ፍሳሽ የመጣው ከ10 እስከ 20 በሺህ ይገኛል። ሁለት ነገር ግን ይወቁ። የሰውን ፍሳሽ ከከብት ፍግ አይለይም። ዲናይትሪፊኬሽን ደግሞ ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርገው የማዳበሪያ ናይትሬት ፍሳሽ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ብቻውን አይጠቀሙበት።

ደረጃ 8፦ ውጤቱን ያንብቡ

መጀመሪያ የባዶውን ናሙናና የድግግሞሾቹን ውጤት ይመልከቱ። ባዶው ናይትሬት ካሳየ ወይም ድግግሞሾቹ ከተራራቁ ወደ ትርጓሜ አይግቡ።

ሰው ያልነካው የከርሰ ምድር ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ሚሊ ግራም በታች ነው። ከዚያ በላይ ያለው የሰው እጅ እንዳለበት ይጠቁማል፤ ሆኖም መለኪያዎ የራስዎ ማነጻጸሪያ ጉድጓድ ይሁን። እሱ ራሱ 9 ከሆነ ናይትሬቱ ከሴፕቲኮቹ በላይ ካለ ማሳ ወይም በረት እየመጣ ነው፤ ሴፕቲኮቹን ተጠያቂ ማድረግ የሚቻለው ከ9 በላይ በተጨመረው ብቻ ነው።

ቀጥሎ በክሎራይዱ ይፈትሹ። በማነጻጸሪያው 10፣ በታንኩ ፈሳሽ 90፣ በሚጠረጠረው ጉድጓድ 30 ሚሊ ግራም በሊትር ተገኘ እንበል። ከ30 ላይ 10 ሲቀነስ 20፤ ከ90 ላይ 10 ሲቀነስ 80፤ 20 ለ80 ሲካፈል ሩብ ይሆናል። ስለዚህ ጉድጓዱ ውስጥ ካለው ውኃ ሩቡ ፍሳሽ ነበር። የፍሳሹ ናይትሮጅን 56፣ የማነጻጸሪያው 1 ከሆነ የሚጠበቀው 14.75 ነው። አሁን የተለካውን ከዚህ ጋር ያስተያዩ። 14 ከሆነ ናይትሮጅኑ ምንም ሳይጠፋ እየደረሰ ነው፣ ምንጩም ሴፕቲኩ ነው። 6 ከሆነ በመንገድ ላይ ከግማሽ በላይ ጠፍቷል ወይም አሞኒየም ሆኖ አፈር ውስጥ ተይዟል። 25 ከሆነ ግን ሴፕቲኩ ብቻውን ያንን ሊያመጣ አይችልም፤ ሌላ ምንጭ አለ፤ ያኔ በደረጃ 2 የተመዘገበው በረት ወይም ማሳ ይፈተሻል። ይህ ስሌት የሚሳሳተው ክሎራይድ ከሌላ ቦታ ሲመጣ ነው፦ ከጨዋማ አለት፣ በጨው ከሚሠራ የውኃ ማለስለሻ፣ ፖታሲየም ክሎራይድ ካለበት ማዳበሪያ።

ናይትሬቱ ዝቅ ብሎ ክሎራይዱ ከፍ ካለ «ንጹህ ነው» ብለው አይለፉት። የሟሟው ኦክስጅን በሊትር ከ0.5 ሚሊ ግራም በታች፣ ብረትና ማንጋኒዙ ከፍ ያለ ከሆነ ዲናይትሪፊኬሽን እየሠራ ነው፤ መልካም ዜና ነው፣ ካርቦኑ ወይም ማዕድኑ እስካላለቀ ድረስ። አሞኒየሙ ከፍ ካለ ግን የውኃው ወለል ወደ ማስረጊያው በጣም ቀርቧል፣ ፍሳሹም አየር ሳያገኝ በቀጥታ እየገባ ነው። እዚህ ቦታ ኢ. ኮላይም ካለ ከናይትሬቱ ይልቅ የሚያስፈራው ጀርሙ ነውና ቅድሚያ ለእሱ ይሰጥ። ናይትሬትና ኢ. ኮላይ አብረው ከፍ ብለው አሞኒየም ከሌለ የጉድጓዱን አፍ ይመርምሩ፤ ያልታሸገ አፍ ጎርፍን ከላይ በቀጥታ ያስገባል፣ እሱን ማሸግም ብዙ አያስወጣም።

ደረጃ 9፦ እርምጃና ክትትል

ወሰን ላለፈባቸው ቤቶች የመጀመሪያው እርምጃ ለመጠጥና ለሕፃን ምግብ ሌላ ውኃ ማግኘት ነው። ሪቨርስ ኦስሞሲስና አዮን መለዋወጫ ማጣሪያዎች ናይትሬትን ይቀንሳሉ፤ ተራ የከሰል ወይም የአሸዋ ማጣሪያ አይቀንስም። ጉድጓዱን ጠለቅ አድርጎ የላይኛውን ውኃ በሚገባ ማሸግ የሚሠራበት ቦታ አለ፤ ሆኖም ናይትሬቱ ወደ ታች እየወረደ ከሆነ ጊዜ መግዛት ነው።

ከምንጩ ለመቀነስ ታንኩን ቶሎ ቶሎ ማስመጠጥ ብቻ አይበቃም፤ ናይትሮጅኑ በብዛት ያለው በዝቃጩ ሳይሆን በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ናይትሮጅን የሚያስወግዱ የማጣሪያ ሥርዓቶች፣ ከማስረጊያው በታች የሚቀበር የእንጨት ፍቅፋቂ ንጣፍ፣ ወይም ሽንትን ለይቶ የሚሰበስብ መጸዳጃ ይረዳሉ። ከሰው ከሚወጣው ናይትሮጅን 80 በመቶ ያህሉ በሽንት ውስጥ ስለሆነ የመጨረሻው በርካሽ ብዙ ይቀንሳል። አዳዲስ ቤቶች ሊሠሩ ከታሰበ ደግሞ የደረጃ 3ን ስሌት ቦታው ከመከፋፈሉ በፊት ለሚመለከተው አካል ያቅርቡ፤ ቤቱ ከተሠራ በኋላ ይዞታውን ማስፋት አይቻልም።

ምንጩ ዛሬ ቢቆምም ጉድጓዱ ነገ አይጸዳም። በደረጃ 4 ያገኙትን ፍጥነት ይውሰዱ፦ በዓመት 73 ሜትር የሚጓዝ ውኃ 150 ሜትር ርቆ ያለ ጉድጓድ ለመድረስ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ ከማስረጊያው እስከ ውኃው ወለል የሚሰርግበት ጊዜም ይጨመራል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በየሦስት ወሩ፣ ከዚያው ቧንቧ፣ በዚያው ላቦራቶሪ፣ ናይትሬትና ክሎራይድን አብረው ያስመርምሩ። ሁለቱም አብረው ከወረዱ እርምጃው ሠርቷል። ክሎራይዱ ወርዶ ናይትሬቱ ባለበት ከቆመ ወደ መስክ ማስታወሻዎ ይመለሱና በማሳውና በበረቱ ላይ ምርመራውን ይቀጥሉ።